የእትዬ ጠብታ ዱቄት

እትዬ ጠብታ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው አላውቅም። እኔ የቤተ ሙከራውን ዕቃ ግምጃ ቤት ተረክቤ ስገባ ሁሉም ሰው በዚሁ ስም ሲጠራቸው አገኘሁ፤ እሳቸውም "አቤት" ይሉ ነበር። ምክንያቱ ግን ለማንም የተሰወረ አይደለም። ፈሳሽ ሲለኩ እያንዳንዷን ጠብታ በከንፈራቸው ይቆጥራሉ። በዚያች ሰዓት ሰላም ቢሏቸው አይመልሱም፤ ሕንጻው ተቃጠለ ቢሏቸውም ቆጥረው ሳይጨርሱ የሚሮጡ አይመስለኝም። ሲጨርሱ ቀና ይሉና፣ ሰላምታው ገና አሁን የቀረበላቸው ይመስል፣ "እሺ፣ ምን አልከኝ?" ይላሉ።

ወደዚያ ቤት የገቡት በዕቃ አጣቢነት ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን በሚያይ ጠባብ ክፍል፣ ሌላው ሰው ያቆሸሸውን ብርጭቆ ሲያጥቡ አሥራ ሁለት ዓመት ቆዩ። ፊደል የቆጠሩትም እዚያው ነው፤ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን እያነበቡ። "እኔ ከመርዝ ምልክት ጀምሬ ነው የተማርኩት፤ ሞትን የመሰለ አስተማሪ የለም" እያሉ ይስቁ ነበር። ቀስ በቀስ መለካት፣ ማደባለቅ፣ ምድጃውን መጠበቅ ለመዱና ረዳት ቴክኒሻን ተባሉ። የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ከሆነች ታናሽ እህታቸው ጋር ነው። እኛ ሌሎቻችን ከግምጃ ቤት የወጣ፣ አንዱ እጅጌው ከሌላው የሚረዝም ነጭ ጋውን ስናጠልቅ፣ የእሳቸው በልካቸው የተሰፋ፣ በውስጥ በኩልም ጥልቅ ኪስ ያለው ነበር። ኋላ ያ የውስጥ ኪስ ብዙ አናገረ።

ነገሩ የተጀመረው በሠላሳ አንደኛው የሥራ ዓመታቸው ነው።

በዚያን ጊዜ በቤተ ሙከራው ውስጥ ዶክተር ለመባል አንድ ዓመት የቀራት አንዲት ተመራማሪ ነበረች። ከከተማው በታች ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚለቀው ቀለም ወንዙን ሰማያዊ አድርጎት ነበርና፣ እሷ ያንን ቀለም በብርሃን ኃይል የሚያጠፋ ዱቄት ለመሥራት ትደክም ነበር። ዱቄቱ ለዓይን ተራ ይምሰል እንጂ እያንዳንዷ ቅንጣቱ ክሪስታል ናት፤ ውስጧም እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ዱቄቱ ቀለም በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ገብቶ መብራት ሲያርፍበት ቀለሙ ይፈርሳል። ዱቄቱ ግን እንዳለ ይቀራል፤ የሰው ትዳር ሲያፋታ ውሎ ወደ ገዛ ቤቱ በሰላም እንደሚገባ ሽማግሌ ማለት ነው።

አሠራሩ ውስብስብ አልነበረም። ጨዉና ሌላው ቅመም በፈሳሽ ተበጥብጦ ወፍራም ግድግዳ ባለው ነጭ የቴፍሎን ኩባያ ውስጥ ይገባል፤ ኩባያው በብረት ይታሰራል፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ አንድ ቀን ተኩል ይቆያል። የሰኞውን ተመራማሪዋ ራሷ፣ ቆልፋ በምታስቀምጣቸው አዳዲስ ኩባያዎች ትሠራለች። የሐሙሱን እትዬ ጠብታ በድሮዎቹ ኩባያዎች ይሠራሉ። የሚከተሉት ወረቀት አንድ ነው፤ ጨዉን ለሁለቱም የምሰጠው እኔው ነኝ።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ተመራማሪዋ ሁለት ብርጭቆ ሰማያዊ ውሃ ከመብራቱ ሥር አስቀምጣ አፏን ከፍታ ቆማ አገኘኋት። የሐሙሱ ዱቄት የገባበት በአርባ ደቂቃ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል። የሰኞው ሁለት ሰዓት አልፎትም ገና ሰማያዊ ነው።

"እትዬ፣ ምን ጨመሩበት?" አለች።

"የታዘዝኩትን።"

"እኔም የታዘዝኩትን እኮ ነው የጨመርኩት።"

"አንቺን ደግሞ ማን አዞሽ? ያዘዝሽው አንቺ!" ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ደገሙት። እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛውም ሳምንት እንደዚያው። ተመራማሪዋ ሁለቱንም ዱቄት ወደ ኤክስሬይ መሣሪያው ወሰደቻቸው። የወጡት መስመሮች አንዱ በአንዱ ላይ ቢደረብ የሚገጥሙ ነበሩ፤ ቁመታቸው እዚህም እዚያም ትንሽ ይለያይ ነበር፤ ለዚያ ግን ማንም ቁብ አልሰጠውም። መሣሪያው የፈረደው አንድ ናቸው ብሎ ነው።

እኔ ኬሚስትሪን የተማርኩት ጀርባው በጨርቅ ከተጠረዘ፣ ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ከአንድ ዓይነት ነገር በአንድ ዓይነት መጠን የተሠራ ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው፤ አበቃ። ተማሪ ሳለን ጨው በውሃ አሟምተን፣ ክር አንጠልጥለን ክሪስታል ስናሳድግ፣ መምህራችን ወደ መስኮቱ ያነሡትና "ገጾቹ እንዴት እንደተስተካከሉ እዩ" ይሉን ነበር። ያ ሁሉ መስተካከል ከማማር በቀር ሥራ ይኖረዋል ብሎ የነገረን የለም። ስለዚህ ሁለቱ ዱቄቶች አንድ ሆነው ሥራቸው ከተለያየ፣ የተለየው ዱቄቱ ሳይሆን ሠሪው መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና።

ብቻዬን አልነበርኩም። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ በሩ ቢዘጋም በቁልፉ ቀዳዳ ይገባል። ተመራማሪዋ ደብተሯን ይዛ መጸዳጃ ቤት መሄድ ጀመረች። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ከዚያ በፊት ቀና ብለው የማያዩትን የምድጃውን መቆጣጠሪያ ወረቀት በየቀኑ መፈረም አመጡ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ ሻይ ይዛ ስታልፍ፣ "እኔ ምንም አላልኩም፤ ግን ሴትየዋ ከውጭ የተሠራ ዱቄት እያስመጡ ይሆናል እየተባለ ነው" አለችኝ። ማን እንዳለ ስጠይቃት፣ "ሰው ነዋ!" አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እትዬ ጠብታ ብቻ ምንም ሳይሰሙ ጠብታቸውን ይቆጥሩ ነበር።

አንድ ማለዳ፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ የደረሰልንን የጓንት ካርቶን ልቆጥር ቀደም ብዬ ገባሁ። የማጠቢያው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። እትዬ ጠብታ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ወደ ኮሪደሩ ዞር ብለው አዩ፤ እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበርኩ። ከጋውናቸው የውስጥ ኪስ አንዲት አጭር ጠርሙስ አወጡ። መለያ ወረቀት የላትም። ከኩባያዎቹ ወደ አንዱ ጥቂት አፈሰሱ፣ አዟዟሩት፣ ደፉት፤ ክዳኑንም ገጠሙበት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እንደዚያው። ጠርሙሷ ወደ ኪሳቸው ተመለሰች።

ያዝኳቸው አልኩ በልቤ። ደስታም ነበረበት፣ አልዋሽም፤ የጠረጠረ ሰው የጠረጠረው ሲገኝለት የሚሰማው መጥፎ ደስታ። ካርቶኑን ሳልቆጥር ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄድኩ።

"ርግጠኛ ነህ?" አሉኝ።

"በዓይኔ አየሁ፣ ዶክተር።"

"ምንድን ነው የጨመሩት?"

"እሱን አላወቅሁም። መለያ የለውም።"

"መለያ የሌለው ነገር በእኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ!" አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

ለደብዳቤው ብዙ አልፈጀባቸውም። በማግስቱ ረፋድ እትዬ ጠብታ ቢሮ ተጠሩ። ተመራማሪዋም ነበረች፤ የዕቃ ኃላፊ ስለሆንኩ እኔም ተገኘሁ። ዶክተሩ ደብዳቤውን አነበቡት፦ የምርምር ውጤት በማጭበርበር ተጠርጥረዋል፤ በሰባት ቀን ውስጥ በቂ ማስረጃ ካላቀረቡ ጉዳዩ በግል ማኅደራቸው ተመዝግቦ ከቤተ ሙከራ ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራሉ። ያን ጊዜ እትዬ ጠብታ ፊታቸው ላይ ያየሁትን መልሼ ማየት አልፈልግም። መዝገብ ቤት ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ከመስኮቱ የባሰው ግን "ማጭበርበር" የሚለው ቃል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብታ የቆጠረ ሰው መጨረሻው ያ ቃል ሊሆን ነው።

"ኪስዎ ውስጥ ያለውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ" አሉ ዶክተሩ።

እትዬ ጠብታ አንገታቸውን ደፍተው ጠርሙሷን አወጡ። ተመራማሪዋ ክዳኗን ከፈተችና ፊቷን አዞረች።

"አቼቶ ነው!"

"አዎ፣ አቼቶ ነው" አሉ እትዬ ጠብታ። "የቧንቧችን ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ኩባያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። የቅርፊት ማስለቀቂያ አሲድ ከስቶር ጠይቄ ነበር።" ወደ እኔ አላዩም። "የለም ተባለ። የተጣራ ውሃም በራሽን ነው። ታዲያ በአቼቶ አጥቤ በቧንቧ ውሃ ባለቀልቀው ኖራው ይመለሳል። አቼቶውን የመጨረሻ አድርጌ ክዳኑን እገጥምበታለሁ። ከውጭ ምግብ ነክ ነገር ማስገባት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህ ጥፋቴ የፈለጋችሁትን ቅጡኝ።"

"የምጠይቅዎት ስለ እጥበት አይደለም" አሉ ዶክተሩ። "የእርስዎ ዱቄት ከሌላው በምን ተለየ? አንድ ወረቀት፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ጨው። ምን ጨመሩ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን ተለየ?"

እትዬ ጠብታ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ መሬቱን። ከዚያ እንደገና እኔን። የነገርኩባቸው እኔ መሆኔን ያወቁ መሰለኝ።

"አላውቅም" አሉ በመጨረሻ። ሰው እያወቀ "አላውቅም" ሲል ድምፁ ያስታውቃል። ሁላችንም ሰማነው። ዶክተሩ ደብዳቤውን አጥፈው ፖስታ ውስጥ ከተቱት።

ከቢሮ ስንወጣ ተመራማሪዋ ጠርሙሷን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አሸተተቻት። ራሷን ነቀነቀች። እንደገና አሸተተቻት።

"ክዳኑን ይገጥሙበታል አሉ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ስለዚህ ሥሩ ላይ የሚቀር አለ።"

"ጠብታ ቢቀር ነው።"

"ጠብታማ ይበቃል!" አለችና ሮጣ ሄደች።

በማግስቱ አራት ኩባያ ተሰለፈ፤ ሁለት አዲስ፣ ሁለት አሮጌ። ከአዲሶቹ ባንዱ ተመራማሪዋ እንደ ወትሮዋ ሠራች፤ በሌላው ውስጥ አስቀድማ አቼቶ ጨመረች። ከአሮጌዎቹ አንዱን እትዬ ጠብታ እንደ ልማዳቸው አጠቡት፤ ሌላው በተጣራ ውሃ ብቻ ታጥቦ ደረቀ፤ ሁለቱንም እትዬ ጠብታ ሠሩባቸው። ዶክተሩ ማንንም ስላላመኑ ወንበር ስበው መሐል ተቀመጡ። ጨዉን ራሳቸው መዘኑ። ምድጃውን ራሳቸው ቆለፉ፤ ቁልፉንም ኪሳቸው ከተቱት። እኔን ሳይቀር በጎን ያዩኝ ነበር።

"አቼቶው ስንት ይሁን?" አለች ተመራማሪዋ።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ?" አሉ እትዬ ጠብታ። "ተጠርጣሪ ሲለካ አየሁ ብለው ሌላ ደብዳቤ ይጽፉብኝ?"

"ይቁጠሩላት" አሉ ዶክተሩ፣ ሳይስቁ።

ቆጠሩላት። አሥራ አራት ሆነ።

ዱቄቶቹ ታጥበው ደርቀው ከመብራቱ ሥር ገቡ። አርባ ደቂቃ ሲሞላ ሁለቱ ብርጭቆዎች ጠሩ፦ በልማዳቸው የታጠበው፣ ተመራማሪዋም በገዛ እጇ አቼቶ የጨመረችበት። አቼቶ ያልነካቸው ሁለቱ ግን፣ እትዬ ጠብታ ራሳቸው የሠሩትም ጭምር፣ ሰማያዊ እንደሆኑ ቀሩ። እጁ የማንም ይሁን፣ ፈራጁ አቼቶው ነበር።

"የተሠራው ግን ከአንድ ነገር ነው" አሉ ዶክተሩ፣ አሁንም ለማመን እያቅማሙ። "ኤክስሬዩ አንድ ነው ብሏል።"

መልሱ ጥቂት ቀን ቆይቶ መጣ። ናሙናዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወዳለው ሌላ ተቋም ተልከው ነበርና ፎቶዎቹ ሲደርሱ ተመራማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። የሰኞው ዱቄት ቅንጣት ስምንት ገጽ አላት፤ ሁለት ፒራሚዶች በመቀመጫቸው የተጣበቁ ትመስላለች። የሐሙሷ ጫፍና ጫፏ እንደተቆረጠ ሆኖ፣ ሌላ ዓይነት ሰፊ ጠፍጣፋ ገጽ ወጥቶላታል።

"ቤቱ አንድ ቤት ነው" አለች ተመራማሪዋ። "ክፍሎቹም፣ ቀዳዳዎቹም ያው ናቸው። የተለየው ወደ ውጭ የሚያየው ገጽ ነው። ክሪስታሉ ሲያድግ አቼቶው አንዱን ገጽ ይዞ እድገቱን ያዘገየዋል። በፍጥነት የሚያድገው ገጽ እየጠበበ ይጠፋል፤ የዘገየው ሰፍቶ ይቀራል።"

"እሰይ!" አሉ እትዬ ጠብታ። "ቀስ ያለ ነዋ የሚቀረው። እኔን በዝግታዬ ስትሰድቡኝ ከረማችሁ።"

"ገጹ ሲለወጥስ ለምን ይሻላል?" ብዬ ጠየቅሁ። ያ በጨርቅ የተጠረዘው መጽሐፌ እዚህ ድረስ አልወሰደኝም ነበር።

"ብርሃን ሲያርፍበት ውስጡ ሁለት ዓይነት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይለያያል፤ አንዱ ኔጋቲቭ፣ አንዱ ፖዘቲቭ። መልሰው ከተገናኙ ብርሃኑ በከንቱ ባከነ። ሁለት ዓይነት ገጽ ካለው ግን አንዱ በዚህ ገጽ፣ ሌላው በዚያኛው ይወጣል፤ ሳይገናኙ ቀለሙን ያፈርሱታል። እስካሁን የምገምተው እንደዚህ ነው፤ ገና ብዙ መፈተሽ አለብኝ።"

"የተጣሉ ባልና ሚስት ማለት ናቸዋ" አሉ እትዬ ጠብታ። "በአንድ በር ከወጡማ ደጃፍ ላይ ይታረቃሉ።"

ዶክተሩ እንኳ ሳቁ። በዚያው ሳቅ መሐል ፖስታውን ከመሳቢያ አወጡና ሊቀድዱት ሲሉ እትዬ ጠብታ እጃቸውን ያዟቸው።

"አይ፣ ዶክተር። እዚህ አራት ሆነን አይደለም። ሲወራብኝ በየኮሪደሩ ነበር፤ ሲነሣልኝም እንደዚያው ይሁን።"

በሰኞ ስብሰባ፣ ጸሐፊዋም ጽዳቶቹም ባሉበት፣ ዶክተሩ ቆመው ክሱ መሻሩን አነበቡ። ከቃሉ አንዱንም አልዘለሉም። "በስሕተት ጠርጥረናቸዋል" የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው እትዬ ጠብታን አዩ። እትዬ ጠብታ ቆመው ሰሙ፤ ሲያልቅ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ወደ ማጠቢያው ክፍል ሄዱ።

እኔ ተከተልኳቸው። ያቺ ሁለቴ ያዩኝ አስተያየት ከአእምሮዬ አልወጣ ብላ ነበር።

"እትዬ፣ ያን ዕለት ቢሮ ውስጥ ለምን ተለየ ሲባሉ እያወቁ ነው አላውቅም ያሉት። ምን ነበር ያወቁት?"

በሩን ዘጉት። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

"አሁን ካለፈ በኋላ ምን ያደርግልሃል? አንተን ነበር የጠረጠርኩህ።"

"እኔን? በምን?"

"ለእሷ ጨዉን ስትሰጣት ከፊት ለፊቱ መደርደሪያ አንሥተህ ነው። ለእኔ ግን ወደ ጓዳ ገብተህ ነው የምታመጣልኝ። የከረመውን ለእሷ፣ ደኅናውን ደብቆ ለእኔ እያደረገ ነው አልኩ። ምስኪን፣ ለአሮጊት አዝኖ ነው አልኩ። ያን ብናገር አንተ ነህ የምትባረረው። ለእህቴም ነገርኳት። 'የሱን እንጀራ ከምዘጋ መዝገብ ቤት እወርዳለሁ' ብዬ ተማከርን። እሷም ደግ አደረግሽ አለችኝ።"

ጨዉ አንድ ጠርሙስ ነበር። ሰኞ ከተከፈተ በኋላ ብርሃን እንዳያገኘው ጓዳ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ሐሙስ ከዚያ አወጣዋለሁ። ሌላ ምንም ነገር የለውም። ይህን ነገርኳቸው። 

"ስለ ጠርሙሷ ለዶክተሩ የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ አየሁዎት። ቀርቤ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅዎት ባለቀ ነበር።"

እትዬ ጠብታ ኩባያ በእጃቸው ነበር። አስቀመጡት። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አጥብቀው ዘጉት።

"ይህን ለእህቴ አንተው ሄደህ ንገራት" አሉ ኋላ። "እኔ ብነግራት አታምነኝም። አሥር ቀን ሙሉ ስትመርቅህ ነው የሰነበተችው።"

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሄድኩ። የልብስ መስፊያ ቤቷ ሁለት ሰው የማይዝ ነው፤ የስፌት መኪናዋ በሩ ሥር፣ የተቆረጠው ጨርቅ እስከ ጣሪያው። ስታየኝ ፊቷ በራና ብድግ አለች፤ የምቀመጥበትን በርጩማ ከጨርቅ ማጽዳት ጀመረች።

"አይ፣ ቆሜ ልናገር" አልኳት።

ቆሜ ነገርኳት። አንዱንም አልዘለልኩም። እሷ በርጩማውን እንደያዘች ሰማችኝ፤ ስጨርስ ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ራሷ ተቀመጠችና መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አንሥታ ክር ማስገባት ጀመረች።

"ሰምቻለሁ" አለች። "በሩን ስትወጣ መልሰው።"